ማስታወቂያው በማን ልክ ተሰፋ? የመንግሥት ቅጥርንና የአማካሪ ክፍያን በደብዳቤ ስለመጠየቅ

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ እየሮጠች ቤቴ ገባችና ስልኳን ዘረጋችልኝ። «እትዬ፣ ይህን እስቲ ያንብቡልኝ» አለች። ያሳየችኝ እዚሁ ደሴ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ ፎቶግራፍ ነው። የሰሌዳው መስታወት ነጸብራቅ ከጽሑፉ ግማሹን ሸፍኖታል። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን የሚጻፍበት የታችኛው መስመር ደግሞ ጨርሶ ፎቶው ውስጥ አልገባም። «ሂጂና እንደገና አንሺው፤ ቀኑና ማኅተሙ ይታይ» አልኳት። ያን ሁሉ ዝናብ ችላ ከሸዋ በር ፒያሳ ድረስ ተመልሳ ሄደች። ስትደርስ ማስታወቂያው ተነሥቷል። ምዝገባው በዚያው ቀን 11 ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ የነገራት የጥበቃ ሠራተኛው ነው። የትምህርት ማስረጃዋን ይዛ 10 ደቂቃ ሲቀር ተመዘገበች።

እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከዚህ ውስጥ 18ቱን ዓመት ያሳለፍኩት በውስጥ ኦዲተርነት ነው። አሁን ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሳይወርድ አንድ ወጣት የማስታወቂያ ፎቶ ወይም «አላለፍክም» የሚል ወረቀት ይዞ ይመጣል። ለእያንዳንዱ የምነግረውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው አድልዎዎች የሚበዙት የተፈጸሙት በፈተናው ቀን ወይም ጨረታ በተከፈተበት ሰዓት አይደለም። ከዚያ በፊት፣ መስፈርቱ በተጻፈበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ የአንድን ሰው ልክ ወስዶ የሰፋው ኮት ሌላው ሰው ትከሻ ላይ አይቀመጥም። ለሥራ ቅጥር የሚወጣው ተፈላጊ ችሎታና ለአማካሪ ግዥ የሚዘጋጀው ቢጋር (አማካሪው የሚሠራውንና ማሟላት ያለበትን የሚዘረዝረው ሰነድ) ሁለቱም በዚህ መንገድ ሊሰፉ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለቱን የምናነብበት ዓይን አንድ ነው፤ የምንጠይቅበት ደብዳቤም እንደዚያው።

ከማስታወቂያው እንጀምር

ማስታወቂያ ባያችሁ ቁጥር መጀመሪያ ፎቶ አንሡ። አራቱም ጠርዝ፣ ቀኑ፣ ማኅተሙና ፊርማው በግልጽ ይታይ። መስታወት ካለበት ወደ ጎን ቆማችሁ አንሡት፤ ነጸብራቁ ይጠፋል። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ሰሌዳው የት እንዳለ የሚያሳይ ሁለተኛ ፎቶ ጨምሩ። ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። «ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ ወጥቷል» የሚባል ማስታወቂያ በሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር፣ ከመዝገብ ቤቱ በር ጀርባ ተለጥፎ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ የመደብ መታወቂያ ቁጥሩን ፈልጉ። እያንዳንዱ ቋሚ የሥራ መደብ በመሥሪያ ቤቱ መዋቅር ውስጥ ቁጥር፣ ደረጃና ደመወዝ አለው። ማስታወቂያው ላይ ቁጥሩ ከሌለ መደቡ በእርግጥ ክፍት መሆኑን፣ በጀትም የተያዘለት መሆኑን ጠይቁ። እያንዳንዱ መደብ የጸደቀ የሥራ ዝርዝርና ተፈላጊ ችሎታም አለው፤ ምን ዓይነት ትምህርት፣ ስንት ዓመት አግባብ ያለው ልምድ እንደሚጠይቅ እዚያ ላይ ሰፍሯል። ማስታወቂያ አውጪው የዚያን ቅጂ ነው የሚለጥፈው። ከራሱ የሚጨምረው መስመር ካለ ለምን እንደጨመረው ሊያስረዳ ይገባል።

የጎረቤቴ ልጅ ያመጣችው የመጀመሪያ ፎቶ ብዥ ያለ ቢሆንም አንድ መስመር ቁልጭ ብሎ ይነበብ ነበር። መደቡ የሒሳብ ባለሙያ ነው። የሚጠይቀው በአካውንቲንግ ወይም በፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪና ሁለት ዓመት ልምድ ነው። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «በመሥሪያ ቤቱ በኮንትራት ቢያንስ አንድ ዓመት ለሠራ ቅድሚያ ይሰጣል።» ይህን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሕግ ላይ ተጽፎ የማውቀው ቅድሚያ ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲኖር ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ተዋጽኦ ላላቸው ብሔር ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። በኮንትራት ለሠራ ሰው የሚል አላየሁበትም። እዚህ ላይ ወዲያውኑ የሚነሣው ጥያቄ ያ የኮንትራት ሠራተኛ መጀመሪያ በምን ማስታወቂያ ገባ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ በሩ የሚከፈተው እዚያ ነው። ለሦስት ወር ተብሎ ያለ ውድድር የገባ ሰው ይታደስለታል፤ ደግሞ ይታደስለታል። ቋሚ መደቡ ሲወጣ ልምዱ መስፈርት ሆኖ ይጠብቀዋል። በዚህ መንገድ የገባውን ልጅ ክፉ ሰው አድርጌ አላየውም፤ ሥራ ፈልጎ ነው። ጥፋቱ በሩን በከፈተለትና ለሌሎች በዘጋባቸው ሰው ላይ ነው።

ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፤ መሥሪያ ቤቱ የማን ነው? ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ቢሆንም የፌዴራል ተቋም ነው፤ የኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም እንዲሁ። ሒሳባቸውን የሚመረምረው የፌዴራል ዋና ኦዲተር ነው። የከተማ አስተዳደሩና የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች፣ የዞን መምሪያዎችም የሚተዳደሩት በክልሉ ሕጎች ነው። የሚቆጣጠራቸውም የክልሉ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያሉ የግል ፋብሪካዎች ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አይደሉም፤ ሠራተኛውና አሠሪው የሚዳኙት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህን ሳይለዩ የተጻፈ አቤቱታ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ወራት ይፈጃል።

ደብዳቤው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። አንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ነጻነት ያረጋግጣል። ዝርዝሩ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። የሀገር ደኅንነት፣ የግለሰብ የግል መረጃ፣ የንግድ ምስጢርና የመሳሰሉት ተለይተው ተጠብቀዋል። ከእነዚህ ውጪ ያለው የሕዝብ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በንዴት ተነሥቶ «በዘመድ አዝማድ ተሠርቷል፣ ፍትሕ ይሰጠኝ» ብሎ አራት ገጽ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው ኃላፊው «ቅሬታው መሠረት የለውም» ብሎ በአንድ መስመር ይመልሳል፤ ጉዳዩም በዚያው ያልቃል። ሰነድ የጠየቃችሁት እንደሆነ ግን ያለው አማራጭ ሰነዱን መስጠት ወይም ለምን እንደማይሰጥ መጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንንም አትክሰሱ። ወረቀት ጠይቁ። ለልጅቷ ያጻፍኳት ይህን ነው፤ እንዳለ ልትገለብጡት ትችላላችሁ፦

ለ………… ጽሕፈት ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል
ደሴ

ጉዳዩ፡- ስለ ሥራ ቅጥር መረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

መሥሪያ ቤታችሁ በ………… ቀን ባወጣው ማስታወቂያ በመደብ መታወቂያ ቁጥር ………… ለሒሳብ ባለሙያ የሥራ መደብ አመልካቾችን ማወዳደሩ ይታወቃል። እኔም በምዝገባ ቁጥር ………… ተወዳድሬያለሁ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ቀጥሎ የተዘረዘሩት ሰነዶች ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

1. የመደቡ የጸደቀ ተፈላጊ ችሎታ፤
2. የማስታወቂያው ቅጂ፣ የተለጠፈበትና የተነሣበት ቀን ተጠቅሶ፤
3. ለጽሑፍ ፈተና፣ ለቃለ መጠይቅና ለሌሎች መመዘኛዎች የተሰጠው የነጥብ ድርሻ፣ እንዲሁም ድርሻው የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ፤
4. በእያንዳንዱ መመዘኛ ያገኘሁት ውጤት፣ የሌሎች ተወዳዳሪዎች ውጤትም ስማቸው ሳይጠቀስ በመለያ ቁጥር፤
5. ኮሚቴው የመጨረሻ ውሳኔ ያሳለፈበት ቃለ ጉባኤ።

የፎቶ ኮፒ ወጪውን እሸፍናለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ ቁጥር

አራተኛው ላይ «ስማቸው ሳይጠቀስ» የሚለውን ቃል እንዳትዘነጉ። የሌላ ሰው የግል መረጃ ነው ብለው ሙሉ ጥያቄውን እንዳይጥሉት በሩን የሚዘጋው እሱ ነው። ለምን እንደፈለጋችሁት ግን አትዘርዝሩ፤ ምክንያት በጻፋችሁ ቁጥር የሚከራከሩት በሰነዱ ላይ መሆኑ ቀርቶ በምክንያታችሁ ላይ ይሆናል።

ከአምስቱ ውስጥ ዋጋው የከበደው ሦስተኛው ነው። ለምን ብትሉኝ የልጅቷ ጉዳይ ላሳያችሁ። በጽሑፍ ፈተናው ከሁሉም በላይ ነጥብ ያመጣችው እሷ ነበረች። ቃለ መጠይቁ ሲደመር አራተኛ ሆና ተገኘች። ሰነዱ ሲመጣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠን መነጽሬን አድርጌ ቀኖቹን አየሁ። የጽሑፍ ፈተናው የተሰጠው ነሐሴ 4 ቀን ነው። ቃለ መጠይቅ ከ100 ነጥብ 50 እንዲይዝ የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ የተፈረመው ደግሞ ነሐሴ 11። ማን ስንት እንዳመጣ ከታወቀ በኋላ ማለት ነው። በቃለ ጉባኤው ግርጌ ሦስት ፊርማ አለ፤ ሁለቱ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንዱ በጥቁር። ያቺን ወረቀት ሳያት በመሥሪያ ቤት ያሳለፍኳቸው ዓመታት ሁሉ ትዝ አሉኝ። በደሉ ያረፈው በሁለት ቀኖች መካከል ባለ የአንድ ሳምንት ልዩነት ላይ ነው። ቀኖቹን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ከሌለ አይታይም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ አትውሰዱት፤ መዝገብ ቤት አስገቡ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ትመዘግበዋለች። ሁለተኛውን ቅጂ «የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፈሽ ማኅተም አድርጊልኝ፣ ፊርማሽንም ጨምሪልኝ» ብላችሁ በትሕትና ጠይቋት። ያቺ ሐምራዊ ማኅተም ያረፈባት ወረቀት የእናንተ ናት፤ ለማንም አትስጡ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከእሷ ነው። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ «ደብዳቤዬ ወደ ማን ተመራ?» በሉ። «እየታየ ነው» የሚለውን መልስ ይዛችሁ እንዳትመለሱ፤ የተመራለት ክፍል ስምና የተመራበት ቀን መዝገቡ ላይ አለ። መዝገብ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቅን የሆኑት ናቸው። አክብሯቸው።

ደሴ ላይ በተደጋጋሚ የምትሰሙት መልስ «ሰነዱ በጦርነቱ ጠፍቷል» የሚል ነው። ይህ ውሸት አይደለም። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወደ ቢሮ በተመለስንበት ጊዜ የእኔ ክፍል ሰነዶች ወለል ላይ ተበትነው፣ ተረግጠውና ረጥበው ነው ያገኘናቸው። ለዚያ ዘመን ሰነድ ሰውን አታስጨንቁ። ነገር ግን ከ2014 ዓ.ም. በኋላ ለተፈጸመ ቅጥር ወይም ውል ይህ ምክንያት አይሆንም። ለቀደመውም ቢሆን ሰነድ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። የክፍያ ማዘዣው ፋይናንስ ዘንድ ይገኛል። የውሉ ቅጂም በግዥ ክፍልና በተዋዋዩ እጅ አለ። «በየትኛው ክፍል ቅጂው ይገኛል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ስለ አማካሪዎች

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠይቀውን ላንሣ። ሥራ ያጣ ልጅ ስለ ቅጥር ይጮኻል፤ ስለ አማካሪ ክፍያ ግን የሚጮኽ የለም። የተጎዳው ሰው በስም አይታወቅምና። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ኪስ ናቸው። ለማይነበብ ጥናት የወጣው ገንዘብ ለሁለት ባለሙያዎች የዓመት ደመወዝ ይሆን ነበር።

አማካሪ መቅጠር በራሱ ጥፋት አይደለም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ መሬቷ የሚንሸራተት ከተማ ናት፤ እውነተኛ የጂኦሎጂ ጥናት ያስፈልጋታል። የቦርከና ወንዝ በክረምት ለሚያመጣው ጎርፍ መከላከያ በግምት መገንባት አይቻልም። የግንባታ ቁጥጥርም ከሥራ ተቋራጩ ነጻ የሆነ ዓይን ይፈልጋል። የምቃወመው ራሳችን ልንሠራው የምንችለውን፣ አንዳንዴም ሠርተን ያስቀመጥነውን፣ በውጭ ሰው እጅ እንደ አዲስ መግዛትን ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሠራሁባቸው መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የፍሳሽ ማስወገጃ ጥናት ተገዝቶ ነበር። ክፍያው በሦስት ጊዜ የሚፈጸም ነው፤ 30 በመቶ ለመነሻ ሪፖርት፣ 40 በመቶ ለረቂቁ፣ 30 በመቶ ለመጨረሻው። ሦስቱም ተከፍሎ አልቋል። እኔ የክፍያ ሰነዶቹን ስመረምር ጥናቱን ራሱን ላንብበው አልኩ። በፕላስቲክ ጥምዝ የተጠረዘ፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ነው። ገጽ 23 ላይ ስደርስ ከተማዋ «ሞቃታማና ቆላማ» እንደሆነች ተጽፏል። በመስኮቱ አሻግሬ ስመለከት ሐምሌ ነው፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ጣሪያዎቹን ሸፍኗል፣ እኔም በጋቢ ላይ ካፖርት ደርቤ ነው የተቀመጥኩት። ለሌላ ከተማ የተሠራ ጥናት ስሙ ብቻ ተቀይሮ እንደተሸጠልን ያወቅኩት በዚያች ቅጽበት ነው። ሦስት ሰዎች «ተመልክተን ተረክበናል» ብለው ፈርመውበታል። አንዳቸውም አላነበቡትም ማለት ነው። ከሁሉ ያንገበገበኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የቴክኒክ ባለሙያችን የከተማዋን የውሃ መውረጃ ቦዮች በእግሩ ዞሮ፣ በእጁ የሣለው ካርታ እዚያው መዝገብ ቤት ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ማንም አልጠየቀውም።

ግኝቱን ጽፌ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቀረብኩ። ውሉን የፈረመውም እሱ ነበር። የውስጥ ኦዲተር ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለራሱ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ የአሠራሩ ድክመት ይህ ነው። ከውጭ የሚጠይቅ ዜጋ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። አንድ የከተማ ነዋሪ ያንኑ ጥናት በደብዳቤ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ገጽ 23ን እኔ ብቻዬን አልሸከመውም ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በመንግሥት ሒሳብ አያያዝ በውል ለሚፈጸም የሙያ አገልግሎት የሚወጣው ወጪ በሒሳብ መደብ 6251 ይመዘገባል። የአንድ መሥሪያ ቤት በጀትና ወጪ መግለጫ እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ ወደዚያ መስመር ሂዱ። የተያዘውን በጀት፣ ዝውውር ተደርጎ የተጨመረውንና በሥራ ላይ የዋለውን አነጻጽሩ። የግንባታ ጥናትና ቁጥጥር ግን በካፒታል በጀቱ ሥር ስለሚሆን እሱን ለይታችሁ ጠይቁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በሰኔ ወር የተፈረሙና የተከፈሉ የማማከር ውሎችን በተለየ ትኩረት ተመልከቱ። በጀት እንዳይመለስ በጥድፊያ የሚገዛ ጥናት ብዙ ጊዜ አንባቢ የለውም። በየወረዳውና በየክፍለ ከተማው የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት ተብሎ የበጀት መረጃ የሚለጠፍበት ሰሌዳም አለ፤ ቁጥሩ ጥቅል ቢሆንም መነሻ ይሆናል።

ከዚያ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ። ቅርጹ ከላይኛው ጋር አንድ ነው፤ የሚለወጠው ዝርዝሩ ነው። ቢጋሩን ቀኑና ያዘጋጀው ክፍል ተጠቅሶ ጠይቁ። ሥራውን በመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ማከናወን የማይቻልበትን ምክንያት የሚያሳይ ሰነድ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የለም፣ አለመኖሩ ራሱ መልስ ነው። የተመረጠበትን የግዥ ዘዴ ጠይቁ፦ ግልጽ ጨረታ ነው፣ ውስን ጨረታ ነው፣ ወይስ ከአንድ አቅራቢ ብቻ? ከአንድ አቅራቢ ከሆነ ይህን የፈቀደው ማን እንደሆነና በምን ምክንያት እንደፈቀደ የሚያሳየውን ደብዳቤ ጨምሩ። የውሉን ዋጋና በኋላ የተደረጉ ማሻሻያዎችን፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤውን፣ በመጨረሻም የጥናቱን ቅጂ ጠይቁ። የተወዳዳሪዎቹን የዋጋ ዝርዝርና የአሠራር ምስጢር የንግድ ምስጢር ነው ብለው ሊይዙባችሁ ይችላሉ። ጥናቱ ግን በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ የሕዝብ ንብረት ነው፤ በዚህ ላይ አትለሳለሱ።

ቢጋሩ ሲደርሳችሁ እንደ ሥራ ማስታወቂያ አንብቡት። «ቢያንስ ሁለት ተመሳሳይ ጥናቶችን በደቡብ ወሎ ዞን ያከናወነ፣ ቢሮው ኮምቦልቻ ወይም ደሴ የሆነ፣ ዋና ባለሙያው ደግሞ ከዚህ ቀደም ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሠራ» የሚል መስፈርት አንብባችሁ ስንት ድርጅት ሊያሟላው እንደሚችል ቁጠሩ። አንድ ብቻ ከቀረ ኮቱ የማን እንደሆነ አውቃችኋል። ድርጅቱን ማን እንዳቋቋመውም ተመልከቱ። ትናንት በዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረ ሰው ዛሬ በአማካሪነት ከተመለሰ ቢጋሩ መቼ እንደተጻፈና ሰውየው መቼ እንደለቀቀ ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

መልስ ከቀረባችሁ

30 ቀኑ ካለፈ ወይም ከተከለከላችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ አቤት በሉ፤ ማኅተም ያለበትን ቅጂ አያይዙ። እዚያም ካልሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አቤቱታ መቀበል ግዴታው ነው፣ ገንዘብም አያስከፍልም። ከዚያ በላይ ፍርድ ቤት ነው። የቅጥር ውጤትን የሚመለከት ቅሬታ ግን ከመረጃ ጥያቄው ጎን ለጎን ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ወዲያውኑ ይቅረብ። የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ አጭር ስለሆነ ሰነዱ እስኪመጣ ብላችሁ አትቀመጡ፤ «ሰነድ ጠይቄ እየተጠባበቅሁ ነው» ብላችሁ አስመዝግቡ። ጉዳዩ ገንዘብ የተበላበት ከሆነ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይመለከተዋል። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የምትሠሩና ያያችሁትን ለመናገር የምትፈሩ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ እንደሚሰጥ እወቁ። ቢሆንም ከመናገራችሁ በፊት ሰነዱን በእጃችሁ አድርጉ፣ የምታምኑትን የሕግ ባለሙያም አማክሩ። ፍርሃታችሁን አላቃልለውም፤ እኔም ፈርቼ አውቃለሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የተመረጠውን ልጅ ስምና ፎቶ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ምናልባት ምንም የማያውቅ፣ በችሎታው ያለፈ ሰው ሊሆን ይችላል። ዘሩን ወይም ሃይማኖቱን ማንሣትማ ፈጽሞ አይደረግም፤ ወሎ ላይ ይህ ነውር ነው።

የልጅቷ ነገር እንዲህ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ በ26ኛው ቀን ከአምስቱ ሰነዶች አራቱን ሰጠ። አምስተኛውን ለኃላፊው አቤት ካለች በኋላ አገኘች። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው የነሐሴ 4ንና የነሐሴ 11ን ቀኖች አይቶ ቃለ መጠይቁ በሌሎች ፈታኞች እንደገና እንዲደረግ ወሰነ፤ «ቅድሚያ ይሰጣል» የሚለው መስመርም ተሰረዘ። አንደኛ የወጣው ከኩታበር የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ልጅ ነው። እሷ ሁለተኛ ሆና ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገባች። ማታ መጥታ ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር። «እትዬ፣ ለእሱ ደከምኩ እኮ» አለችኝ። አቀፍኳት፤ ሌላ የምላት አልነበረኝም።

አሁን ሌላ ማስታወቂያ ወጥቷል። ትናንት ፎቶውን አመጣችልኝ፤ አራቱም ጠርዝ ይታያል። የመደብ መታወቂያ ቁጥሩ ግን የለም፤ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መዝገብ ቤቱ እንደተከፈተ፣ ሁለት ቅጂ ደብዳቤ ይዘን እንሄዳለን።